የተሳደደው የክንዱ ወንድም

ስፒከሩ በድንገት መዝሙሩን ተወና ማውራት ጀመረ። መሰለች ለእንግዳ የተዋሰችውን አግዳሚ ወንበር ከግድግዳው እያስጠጋች ነበር፤ የባሏ እናት እማማ ውባለም መደቡ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ዕለቱ እሑድ ነው፣ የጽጌ ተራ ለእነሱ ቤት የደረሰበት፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ካህናቱና ማኅበርተኛው መጥተው በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው የሚሄዱበት። ስፒከሩንም ከሰው ተውሶ ያመጣው፣ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ መዝሙር የከፈተበትም ዋርሳዋ ጌዲዮን ነው፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። አሁን ግን ከዚያ ጥቁር ሳጥን ውስጥ የማታውቀው ወንድ፣ ጉንፋን የያዘው በሚመስል ለስላሳ ድምፅ፣ «አይዞህ ወንድሜ» አለ። «እኛ በቁጥር ትንሽ ስለሆንን ነው የሚያሳድዱን። ከዘመኑ የቀደመ ሰው ሁልጊዜ ይወገራል። ልጅ ምንም አያውቅም የሚሉት እነሱ ናቸው፤ የልጅን ልብ እንደኛ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ሕጉ ይለወጣል፣ ያኔ ይቅርታ ይጠይቁናል። ይልቅ ሃይማኖት እንዴት ናት? እናቷ እሽ አለች? ፎቶዋን ካየን ጀምሮ ሁላችንም እየጠበቅናት ነው። ቤቱ ተዘጋጅቷል። ትምህርት ቤት የሚለውን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ማንም አይጠይቅህም።»

መሰለች አግዳሚውን እንደያዘች ቀረች። ድምፁ ጨረሰና እንደገና ከመጀመሪያው «አይዞህ ወንድሜ» አለ፣ አሁን ከፍ ብሎ። ጌዲዮን እንደ ልማዱ ከጓሮው ጉድጓድ ሽንት ቤት ጀርባ፣ ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተላከለትን የድምፅ መልእክት ለመስማት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል፤ ድምፁ በስፒከሩ እንደሚወጣ ሳያውቅ፣ ስልኩ ዝም ቢለው ድምፁን ጨመረ፣ አሁንም ዝም ቢለው እስከ መጨረሻው አስኬደው። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሳሎኑ በሰውዬው ድምፅ ተሞላ። እማማ ውባለም፣ ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቤተ ክርስቲያን እንኳ ያልሄዱት ሴትዮ፣ ምስሩን ከነሰፌዱ አስቀምጠው ብድግ አሉና ጋቢያቸውን ስፒከሩ ላይ ጣሉበት። ሰውዬው ከጋቢው ስርም ማውራቱን ቀጠለ። መጨረሻ መሰለች እጇን አስገብታ ቁልፉን ተጭና አጠፋችው።

«ሬዲዮ ነው» አሉ እማማ ውባለም።

«ሬዲዮ የልጄን ስም ከየት አገኘው?»

«ሃይማኖት የምትባል ልጅ ያንቺዋ ብቻ ናት? ስሙ የሞላ ነው። እንግዳው ሊደርስ ነው፣ ምስሩን ልጨርስበት።» ተመልሰው ተቀመጡ። ግን የለቀሙትን ጠጠር መልሰው ምስሩ ላይ ሲጥሉት መሰለች አየች። ዓይናቸውንም ቀና አላደረጉም። ሁለቱም የሰሙት አንድ ነገር ነው።

ጌዲዮን ንፋስ መውጫ፣ እነሱ ቤት የገባው በነሐሴ ዝናብ ነው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ትልቅ ስልክ ይዞ። አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ የቤተሰቡ ኩራት፣ እናቱ ለመማሪያው ሁለት በሬ የሸጡለት ልጅ። በሩ ላይ ቆሞ «አሳደዱኝ» አለ፣ በቃ። ማን፣ ለምን፣ ምን አድርገህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። በዚህ ዘመን፣ ልጅ ከቤት ወጥቶ በማይመለስበት፣ የትኛው ወገን ማንን እንደሚፈልግ በማይታወቅበት አገር፣ ሸሽቶ የመጣን ሰው «ምን አጠፋህ» ማለት ነውር ነው፤ አልጋ ማንጠፍ፣ እግር ማጠብ፣ በር መዝጋት እንጂ። ባሏ ክንዱ ገና ሳይጠየቅ «በዘሩ ነው» አለ። ጎረቤቱ «በፖለቲካ ነው» አለ። እማማ ውባለም «በምቀኛ ነው» አሉ። ጌዲዮን ግን ዋሽቶ አያውቅም፤ መተከዝ ብቻ ነበር የሚበቃው። «ሰው በማንነቱ ሲሳደድ ምን ይባላል» ይልና ይተነፍሳል፣ ያኔ ከአጠገቡ ያለው ሁሉ የራሱን ሐዘን ጨምሮ ውሸቱን ይሞላለታል። አንድ ሰው ሠርቶ ሊያገኘው የማይችለውን ክብር፣ ይኸው ሰው ተንፍሶ አገኘው።

ስደት የሚያወፍረው ሰው መሰለች ያየችው እሱን ብቻ ነው። ዋናው መኝታ ክፍል ተለቀቀለት፣ እሷና ክንዱ ከብቅልና ከጌሾው ማዳበሪያ ጋር ጓዳ ገቡ። ብቅልና ጌሾ ነው የምትነግደው፤ ሽታው ፀጉሯ ውስጥ ነው የሚያድር። ጾም ሲባል ጨጓራዬ ይላል፤ አንዱ እንቁላል ሃያ ብር በገባበት ገበያ በቀን ሁለት ይጠበስለታል። ሻዩ ስኳር ካነሰው አያጉረመርምም፣ ብርጭቆውን በአንድ ጣቱ ራቅ ያደርግና የዓለምን ክፋት የሚያይ ሰው ሆኖ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል፤ ያኔ እማማ ውባለም ከስኳሩ ጋር ይሮጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በነፃ እንግሊዝኛ ያስተምራል። እናቶቹ ከምስጋና ብዛት የሚይዙት የሚለቁት ጠፍቷቸዋል፤ ላቀች የምትባለው ጎረቤታቸው ለገዛ ልጇ ለማቴዎስ የነፈገችውን ወተት በጠርሙስ ታመጣለታለች። አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚባለው እንዲህ ያለ ሰው እንደሆነ መሰለች ከዛሬ በፊት አልገባትም። እውነቷን ለመናገር አልወደደችውም ነበር፤ ግን የማትወደው በእንቁላሉ ነው ብላ ራሷን ታማ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሊሄድ ነው፣ ሃይማኖትን ይዞ። ነገሩ የተቆረጠው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። «ወዳጆች አሉኝ፣ እንደኔው የተሳደዱ» አለ፤ «ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝተውልኛል። ግን መንገዱ ኬላ ነው። ብቻውን የሚሄድን ወጣት ያስወርዱታል፤ ልጅ የያዘን ሰው ማንም አይጠረጥርም። እግረ መንገዷን እዚያ ደህና ትምህርት ቤት ትገባለች፣ እኔው አስተምራታለሁ።» እማማ ውባለም ነፍስ ማትረፍ ነው አሉ። ክንዱ ወንድሜን ካላተረፍሁ ምን ወንድም ሆንሁ አለ። መሰለችም የአሥር ዓመት ልጇን ለስደተኛ መሸፈኛ አድርጋ ለመስጠት፣ አልቅሳም ቢሆን፣ እሽ አለች። አዲስ ጫማ ገዛችላት። ስሟን የጠራው ያ ጉንፋናም ድምፅ ለካ የቆመው በዚያ መንገድ ጫፍ ላይ ነው።

ሃይማኖት ከጓዳ በር ላይ ተቀምጣ የአዲሱን ጫማ ማሰሪያ ታስራለች፣ ትፈታለች። መሰለች አጠገቧ ቁጭ አለች። እንዴት እንደሚጠየቅ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቅበት ቃል ማንም አላስተማራትም። ፀጉሯን እንደ አዲስ መሥራት ጀመረች፣ የተሠራውን ፈትታ።

«ጋሽ ጌዲዮን ምን ምን ይልሻል፣ ስታጠኑ?»

«ጎበዝ ነሽ ይለኛል።»

«ሌላስ?»

ልጅቱ ማሰሪያውን ፈታች። ጫማዋን አየች። «ምስጢር የምትጠብቅ ልጅ ናት ትልቅ ሰው የምትሆነው ይለኛል። ለናትሽ ብትነግሪያት አይገባትም፣ እኔን ያስሩኛል፣ ባንቺ ምክንያት እሞታለሁ ይለኛል።» ማሰሪያውን ጎትታ አጠበቀችና፣ «እማ፣ ባልሄድስ? ግን አያቴ ካልሄድሽ ይገድሉታል አለች» አለች። የመሰለች እጅ በልጅቱ ፀጉር ውስጥ ቆመ። ከዚህ በላይ አልጠየቀቻትም፤ ጮኻ እንዳታስደነግጣት ፈራች። «አትሄጅም» አለቻት ብቻ፣ «የትም አትሄጅም፤ ማንም ደግሞ ባንቺ ምክንያት አይሞትም። ከዚህ ጓዳ እንዳትወጭ።»

ክንዱ ማኅሌት አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከእንግዳው ቀድሞ ገባ። አናጢ ነው፤ ሰፊ ሰው፣ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው፣ ከገባው ግን የማይወጣለት። ጠላውን ከጋኑ ሲቀዳ አጠገቡ ቆማ ነገረችው፣ የሰማችውንም፣ ልጅቱ ያለችውንም። ማሰሮው ሞልቶ እስኪፈስ ቀዳ። ከዚያ ማሰሮውን አንስቶ፣ «ወንድሜን ጠልተሻል፣ ድሮም አውቃለሁ» አለ። «የእንግሊዝኛ ነገር ይሆናል፣ የተማሩ ሰዎች ወሬ አይገባሽም። እማዬ ሬዲዮ ነው ካለች ሬዲዮ ነው። ዛሬ ማኅበር ነው። ነገ እንነጋገራለን።»

«ነገ ልጅህ እዚህ የለችም።»

ክንዱ የፈሰሰውን ጠላ በእግሩ አፈር አለበሰው። መሰለች ጀርባውን እያየች ነገሩ ገባት፤ ክንዱ አላመናትም ማለት አይደለም፣ ማመን አልፈለገም። ወንድሙ ስደተኛ መሆኑ ለክንዱም ክብር ሆኖለት ነበር፤ ሥራ ቦታ ሰው ተነሥቶ ወንበር የሚለቅለት፣ የማያውቁት ሰዎች ትከሻውን እየነኩ «ወንድምህን ጌታ ይጠብቅልህ» የሚሉት ከነሐሴ ወዲህ ነው። ያንን ሁሉ ክብር በአንድ ጠዋት መልሶ ማስረከብ ከባድ ነው፣ ለልጅ እንኳ ሲባል። ተናደደችበት፣ አዘነችለትም፣ ግን መናደዱ በለጠባት። በጓሮው በኩል ደግሞ እማማ ውባለም ከጉድጓድ ቤቱ ጀርባ ሲመለሱ አየቻቸው፣ ነጠላቸው ከጉልበታቸው በታች አፈር ነክቶት። ምን ሊሠሩ እንደሄዱ አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም ሲያልፉ የማያውቋት ሴት የቆመች ይመስል ፊታቸውን አዞሩ።

እንግዳው አራት ሰዓት ላይ ገባ። አባ ገብረ ሕይወት ከፊት፣ ደብተራዎቹ ከኋላ፣ ከዚያ ማኅበርተኛው። ሳሎኑ ጠበበ፤ የተረፈው ደጅ ዳሱ ስር ተቀመጠ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ድንቹ ተዞረ፤ ጌዲዮን ከካህናቱ ቀጥሎ በክብር ቦታ ተቀምጧል፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ስልኩን ከጋቢው ስር ይዞ። ከአጠገቡ አቶ ደሞዝ አለ። የአቶ ደሞዝ ልጅ ካቻምና ለገበያ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ማን እንደወሰደው፣ ይኑር ይሙት፣ እስከ ዛሬ የነገረው ሰው የለም። ሐዘን መቀመጥ እንኳ አልቻለም፣ ሬሳ የሌለው ሐዘን አይቀመጡትም። ለጌዲዮን ጉርሻ አቀረበለት። ጌዲዮን አፉን ከፍቶ ጎረሰ፣ አንዴም፣ ሁለቴም።

ትልቁ ድፎ መሃል ላይ ቀረበ። አባ ገብረ ሕይወት ሳይባርኩት በፊት የወቅቱን ነገር አነሡ፤ እመቤታችን ልጇን አዝላ፣ ዮሴፍ ስንቁን ይዞ፣ በበረሃ እንዴት እንደተንከራተቱ፣ ያስጠጓቸው እንዴት እንደተባረኩ፣ በር የዘጉባቸው እንዴት እንደቀሩ። «ይኸ ቤት የተሳደደን ሰው አስጠግቷል» አሉ፤ «በረከቱ የተለየ ነው። ልጄ ጌዲዮን፣ ዛሬ መንገደኛ ነህና፣ የምትለው ካለህ በል።»

ይኸን ማንም ባይጋብዘው ኖሮ ጌዲዮን ዝም ብሎ በልቶ ይሄድ ነበር። ግን ከንቱ ሰው ጭብጨባን እምቢ ማለት አይችልም። ተነሣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ድምፁን አሳነሰ። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ሰው እንዲህ ሆኖ በመፈጠሩ ብቻ ይሳደዳል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔና መሰሎቼ መርጠን አልተፈጠርንም። አናሳ ነን፤ ስማችን ሲጠራ ድንጋይ ይነሣል። ሥራችንን ወሰዱብን፣ ስማችንን አጠፉት። ፍቅራችንን ወንጀል አደረጉት። አንድም ሰው ቀርቦ ልባችሁን አሳዩን ያለን የለም። ነገር ግን ጻድቃንም በዘመናቸው ተወግረዋል፤ የሳቀብን ትውልድ ያፍራል።» አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። አቶ ደሞዝ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ፣ ልጁ ከጠፋ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ሰው፣ ትከሻው እስኪርገፈገፍ አለቀሰ። ጌዲዮን ወደ ታች አየውና እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገለት።

የመሰለችን ትዕግሥት ያስጨረሰው ያ እጅ ነው። ጠላ የምትቀዳበትን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች መሃል ገባች። ሴት በካህናት ፊት እንዲህ አትቆምም፤ ታውቃለች።

«ጌዲዮን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «የሚያሳድዱህ ምን አድርገህ ነው?»

ክንዱ «መሰለች!» ብሎ ተነሣ። አንዱ ደብተራ «ነውር ነው እኮ» ሲል ተሰማ። ጌዲዮን ቁስሉን የነኩት ሰው መስሎ ዓይኑን ጨፈነና፣ «ይኸ አሁን የሚጠየቅ ነው?» አለ።

«አሁን ነው እንጂ። ስደተኛ ነህ ብለን አልጋችንን ለቅቀን አከበርንህ። ይኸው ልጁ የጠፋበትን ሰው አስለቀስኸው። ለምን እንደምናለቅስልህ እንወቅ።» ከዚያ ሦስት ጊዜ የሰማችውን ድምፅ ቃል ሳታጎድል አለችው፤ ‘አይዞህ ወንድሜ’ ከሚለው እስከ ‘ማንም አይጠይቅህም’ ድረስ። የልጇን ስም ጠርታ ‘እናቷ እሽ አለች’ ስትል ድምጿ ተሰበረ፣ ግን ጨረሰችው። መጀመሪያ የገባቸው ሴቶቹ ናቸው። እንባዋን የጠረገችው ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወንዶቹ ቀስ እያሉ፣ ከራሳቸው እየተሟገቱ፣ አንድ ባንድ ደረሱበት።

ክንዱ እንደቆመ ነው። ሚስቱን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ከጋቢው ስር ያለውን እጅ አየ። «ክፈተው» አለው።

«ክንዱ፣ አንተም?»

«ስልኩን ክፈትና አሰማን። ውሸቷን ከሆነ ዛሬውኑ ካንተ እግር ስር አስወድቃታለሁ። ክፈተው።»

ጌዲዮን ስልኩን በደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «የግል ሕይወቴ ነው!» አለ። ድምፁ ከለስላሳነቱ ወጥቶ ቀጠነ። «ይኸው! ይኸንኑ ነው የምላችሁ! የገዛ ወንድሜ አሳዳጅ ሆነብኝ። እናንተ ያልገባችሁን ሁሉ ትወግራላችሁ። ክርስቶስም በገዛ ወገኑ...»

«እሱን አታንሣ!» አሉ አባ ገብረ ሕይወት። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጣ አያውቁም፤ የማያውቁት ቁጣ ሲመጣባቸው ከንፈራቸው ነጣ። «እኛ የምናከብረው ስደት የሕፃን ስደት ነው። ያሳደደው ሄሮድስ ነው፣ ሲፈልግ የነበረውም ሕፃን ነው። አንተ ስደተኛ ነኝ ስትል ራስህን ከየትኛው ወገን አቆምህ?»

ያኔ ጌዲዮን ከቤቱ አንድ የቀረውን ሰው ፈለገ። እማማ ውባለም ጓዳው በር ላይ፣ ልጅቱ ካለችበት በር ላይ፣ ወንበር ሳይሆን መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «እማ፣ ንገሪያቸው እንጂ!» አለ። «ሬዲዮ ነው ብለሻት የለም? ንገሪያቸው!»

መሰለች ወደ እሳቸው ዞረች። ሬዲዮ ነው የተባለው በሁለቱ መካከል ነበር፣ እሷም ከክንዱ በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ ለሱ ማን ነገረው? እማማ ውባለም ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

«እኔ ነኝ የነገርሁት» አሉ። «ሰምተንሃል፣ ሬዲዮ ነው ብዬ ሸፍኜልሃለሁ አልሁት። ጓሮ ሄጄ። ሂድ፣ ብቻህን ሂድ፣ ልጂቱን ተዋት አልሁት። አልሰማ ሲለኝ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እናቱ ነኝ፤ ባጠባሁት ልጅ እግር ላይ ወደቅሁ። ያለሷ አልሄድም አለኝ።» ወደ ክንዱ ዞሩ። «ሰዎቹ እዚያ የሚጠብቁኝ እሷን ብለው ነው፣ ባዶ እጄን ብሄድ አይቀበሉኝም አለኝ።»

ከዚህ በኋላ ጌዲዮን ምን እንዳለ መሰለች በደንብ አታስታውስም። ብዙ አለ። ያልተረዱት ነፍስ፣ ጨለማ ሕዝብ፣ የሚመጣው ዘመን፤ የሌላ ሰው ልብስ የለበሰ ይመስል አንዱም ቃል በልኩ አልነበረም። እሱም በየቦታው የተቀመጡ ጓደኞቹም፣ እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንደሚባለው፣ በየስልካቸው ተደብቀው ሲባባሉ የከረሙትን ነበር የሚደግመው። ክንዱ አልመታውም። ኪሱ ውስጥ እጁን አስገብቶ ስልኩን አወጣና ለአቶ ደሞዝ ሰጠው። አቶ ደሞዝ ስልኩን በጋቢው ጠቅልሎ ብብቱ ስር አደረገ፤ በቀረው እጁ የጌዲዮንን ክንድ ያዘ። «ለልጄ ያላለቀስሁትን ላንተ አለቀስሁት» አለው። ድፎው ሳይቆረስ አባ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሴቶቹ ሃይማኖትን ከበው ጓዳ ቀሩ። መሰለች ልጅቱን ሁለቴ ስማ፣ ጣቢያ ሄጄ እኔ መመስከር አለብኝ ብላ ወንዶቹን ተከተለች።

መንገዱ ላይ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ክንዱና አቶ ደሞዝ ግራና ቀኝ ይዘውታል፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ወሬው ገና አልወጣም። ሰፈሩ የሚያየው ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ሁለት ወንድ አጅቦት ወደ ጣቢያ የሚሄድ ያንን ተሳዳጅ ልጅ ነው። አንዲት ሴት ከበሯ ላይ «ኧረ ወሰዱት!» ብላ ደረቷን መታች። ከወዲያኛው ደጅ «ኧረ የናት ያለህ፣ አገኙት!» አለች ሌላዋ። ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አነሡ። ጌዲዮን ይኸን ሲያይ የተንጠለጠለው ትከሻው ቀና አለ፣ እጆቹን ፊት ለፊት አጣመረ፣ ራሱን ዘንበል አደረገና ሥዕል ላይ እንደሚታይ ሰማዕት መራመድ ጀመረ። ይኸ ሰው ታስሮም ቢሆን እየተመረቀ ሊሄድ ነው አለች መሰለች በልቧ፤ ነገ ደግሞ ሰፈሩ ስንቅ ያመላልስለታል።

ከኋላቸው እማማ ውባለም ይመጣሉ። ኑ ያላቸው የለም፤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ የመሰለችን ክንድ ሳያስፈቅዱ ተደግፈው ይራመዳሉ። ላቀች በር ላይ ደረሱ። ላቀች ያጠበችውን ልብስ ታቅፋ ወደ ገመዱ ስትሄድ አይታቸው ኖሯል፤ እንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ «ውይ የኔ ጌታ! የልጄ አስተማሪ! ምን በወጣው!» እያለች ትጮሃለች። ጌዲዮን ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣት። መሰለች አፏን ልትከፍት ስትል፣ የተደገፈባት እጅ ከክንዷ ላይ ተነሣ።

«አታልቅሽለት፣ ላቀች» አሉ እማማ ውባለም። ጮክ ብለው ነው ያሉት፣ በየደጁ የቆመ ሁሉ እንዲሰማ። «ማንም አላሳደደውም። ልጅ አሳዳጅ ነው። የኔ ልጅ ነው፣ እኔ እናቱ ነኝ የምነግርሽ። ማቴዎስን ቅዳሜ ቅዳሜ ስትልኪለት ነበር። ግቢና ልጅሽን ጠይቂው፤ ቀስ ብለሽ ጠይቂው።»

ጌዲዮን ዘወር ብሎ «እማ!» አለ። እማማ ውባለም አላዩትም። ላቀች ልብሱን አቧራው ላይ ጥላ «ማቴዎስ!» እያለች ወደ ቤት ሮጠች። ክንዱና አቶ ደሞዝ ይዘውት አለፉ። እማማ ውባለም ግን አልተከተሏቸውም፤ መንገዱን ተሻግረው፣ ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይልክ ከነበረው ከሚቀጥለው ቤት በር ላይ ቆሙና አንኳኩ።